ቀኑን ሙሉ ላይ ታች ብዬ ማታ «ምን ሠራሁ?» ስል መልስ አጣሁ

ክትትል ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የውይይት መድረክ ላይ ከተመዘገብኩ ቆይቻለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዓርብ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ስላለ ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

የምሠራው ለብዙ ሕዝብ አገልግሎት በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ፣ የደንበኞችን ቅሬታ በሚከታተለው ክፍል ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። «ሥራ እንዴት ነው?» ላለኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ «ኧረ ፋታ የለም!» ውሸቴን አልነበረም። ጠዋት ኢሜይል ስመልስ ስብሰባ ይደርሳል፤ ከስብሰባ ስወጣ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ሳይመለስ የሳምንቱ ሪፖርት ይጠየቃል። ማታ ወገቤ ተቆርጦ ነው የምገባው።

ዓርብ ዕለት እንደ ልማዴ ሪፖርቴን ይዤ አዲሷ ኃላፊያችን ጋ ገባሁ። 41 መስመር ነበረው። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር። እሷ እርሳስ አነሳችና ከላይ ጀምራ መስመር በመስመር እያነበበች አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀኝ ጀመር፤ «ይሄ ከተሠራ በኋላ ለማን ምን ተለወጠለት?» በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በለሰለሰ ድምፅ፣ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

ሰባተኛው መስመር ላይ «ለቅሬታ አቅራቢዎች የተሰጠ ምላሽ፦ 23» ይላል። «እስቲ አንዱን አሳዪኝ» አለች። ከፋይሉ ላይ እጄ የገባውን አወጣሁ። ሰውዬው ከአምስት ሳምንት በፊት የጻፈው ነው። የመጣለት ሂሳብ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ሆኖበታል፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። እኔ አራት ጊዜ መልሼለታለሁ። አራቱም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው፤ «ጉዳይዎ በሂደት ላይ መሆኑን እንገልጻለን።» አራቱም በአራት የተለያዩ ሳምንቶች ሪፖርት ውስጥ «የተሰጠ ምላሽ» ተብለው ተቆጥረዋል። ሰውዬው በሦስተኛው ደብዳቤው ግርጌ በእስክሪብቶ እንዲህ ብሎ ጨምሯል፤ «ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው ካላችሁ፣ የኔን የሚያነብ ሰው እንዴት ታጣላችሁ?» ያን መስመር ያየሁት ዓርብ ዕለት፣ እሷ ፊት ቆሜ ነው።

ከ41ዱ ውስጥ በእርሳሷ ምልክት ያደረገችው ሦስቱን ብቻ ነው።

ቅዳሜና እሁድ ስብሰለሰል የከረምኩት ለምን ያን ፋይል አምስት ሳምንት ሙሉ ሳልነካው ቀረሁ በሚለው ላይ ነው። ጊዜ አጥቼ አይደለም። ጉዳዩን ለመጨረስ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል፦ መዝገብ ቤት መውረድ፣ የቴክኒክ ክፍልን መጠየቅ፣ ምናልባትም ጥፋቱ የኛ ሆኖ ማግኘት። ደብዳቤ መጻፉ ግን አራት ደቂቃ ነው። በቀን አሥር ትንንሽ ነገር ስጨርስ ልቤ ይረጋል። ትልቁን ስጀምር ላልጨርሰው እችላለሁ፣ ልሳሳት እችላለሁ፣ ሰው ይቀየመኝ ይሆናል። ለካ በሥራ ብዛት ከሥራ ስሸሽ ነው የኖርኩት።

እናንተ እንዴት ነው የምትለዩት? ጉድ ጉድ ማለቱንና ውጤቱን ማለቴ ነው። ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ዝምተኛው አንባቢ

ሰባተኛው መስመር ላይ ስደርስ የራሴን ሪፖርት ከፍቼ አየሁ። «የተካሄዱ ውይይቶች፦ 14።» በየትኛው ምን እንደተወሰነ አንዱንም አላስታውስም።

ኮድ ጸሐፊው

በኛ ሙያ ይህ ጉዳይ የታወቀ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 መጀመሪያ አፕል ውስጥ ሊዛ የተባለውን ኮምፒውተር ይሠራ የነበረው ቡድን ኃላፊዎች፣ ፕሮግራመሮቹ በየሳምንቱ ስንት መስመር ኮድ እንደጻፉ በቅጽ ሞልተው እንዲያስገቡ አዘዙ። ቢል አትኪንሰን በዚያ ሰሞን የግራፊክሱን አንድ ክፍል እንደ አዲስ አስቦ ጽፎት ነበር። ሥራው ስድስት እጥፍ ገደማ ፈጠነ፤ ኮዱ ደግሞ በ2,000 መስመር ያህል አጠረ። ታዲያ ቅጹ ላይ የመስመር ብዛት በሚለው ቦታ «-2000» ብሎ ሞላ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ኃላፊዎቹ እሱን ቅጽ ሙላ ማለቱን ተዉት።

ይህን ታሪክ ተማሪ ሳለሁ ሰምቼ በጣም ወድጄው ነበር። ሥራ ስጀምር ግን ረሳሁት። ባለፈው ዓመት 112 ትኬት፣ ማለትም በሲስተም የተመዘገበ የሥራ ጥያቄ፣ ዘግቻለሁ፤ ከክፍላችን አንደኛ ነኝ። ከነዚያ ውስጥ ሦስት ወር የፈጀብኝን አንዱን አዲስ ገጽ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት በኋላ ስመለከት የከፈቱት አራት ሰዎች ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ። ከመጀመሬ በፊት ተጠቃሚዎቹን ግማሽ ቀን አነጋግሬ ቢሆን ሦስቱን ወር አተርፍ ነበር። የማንም ጥፋት አይደለም፤ የመጠየቅ ድርሻ የኔ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ

ክትትል ክፍል፣ እህቴ፣ ዕድለኛ ነሽ። ያንቺ ኃላፊ ጥያቄ ጠየቀችሽ። የኔ አለቃ የሚቆጥረው ኮቴ ነው። ማን ቀድሞ ገባ፣ ማን አመሸ፣ ማን በምሳ ሰዓት ወንበሩ ላይ ነው።

ከሁለት ወር በፊት የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ጨርሼ በሰዓቴ ልወጣ ስነሳ «ምነው፣ ሥራ የለህም እንዴ?» ብሎ የሌላ ሰው ሥራ ጨመረልኝ። ከዚያ ወዲህ ገብቶኛል፤ ቶሎ የጨረሰ ይጫንበታል። አሁን የምችለውን ሥራ ዘርግቼ፣ ኮምፒውተሬን ክፍት አድርጌ፣ አንድ ፋይል ሦስት ጊዜ እየከፈትኩ እየዘጋሁ አመሻለሁ። የሦስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ስገባ ተኝታ ነው የማገኛት።

«ውጤት ላይ አተኩሩ» የሚል ምክር ስሰማ የሚያመኝ ለዚህ ነው። እንደ ምርጫ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ለአንዳንዳችን ምርጫ አይደለም።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ 31 ዓመት አስተዳደር ውስጥ ሠርቼ ነው የወጣሁት። ሁላችሁንም አንብቤያለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ፣ ልጄ፣ አንተ የምትኖረውን ነገር አንድ እንግሊዛዊ የታሪክ ሊቅ ከብዙ ዓመት በፊት ጽፎታል። ኖርዝኮት ፓርኪንሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1955 ዘ ኢኮኖሚስት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል ብሎ ነበር። ማስረጃ ያደረገው የእንግሊዝን የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ነው። በ1914 62 ትልልቅ የጦር መርከቦች ነበሩ፤ በ1928 ወደ 20 ወረዱ። በዚያው ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ የቢሮ ሹማምንት ከ2,000 ወደ 3,569 ከፍ አሉ። መርከቡ ቀነሰ፣ ጸሐፊው በዛ። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ እንዲያውም ሁሉም ሥራ በዝቶባቸው ነበር። አንዱ ለሌላው ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል፣ ሦስተኛው ይፈርማል። እርስ በርስ ሥራ ይፈጣጠራሉ።

አሁን የራሴን ልናገር። በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ሪፖርት የሚመጣልኝ ሰው ነበርኩ። በሳምንት እስከ ሠላሳ የሚደርስ ሪፖርት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ «ለመረጃ ያህል» ተብሎ በግልባጭ የሚላክ። አብዛኛውን የመጀመሪያውን ገጽ አይቼ ወደ ማኅደር እመራው ነበር። ሰዎቹ ቅዳሜ እየገቡ እንደሚያዘጋጁት አውቃለሁ። «ይህን አልፈልገውም፣ ተዉት» ለማለት ግን አፌን ከፍቼ አላውቅም። ለምን? ሪፖርት የማይመጣለት ኃላፊ ኃላፊ አይመስልም። ይህ ዛሬም ይጸጽተኛል። የናንተን ቅዳሜ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ክትትል ክፍል፣ ልጄ፣ ጥፋቱን ሁሉ በራስሽ ላይ አትጫኚ። ያን «23» የሚል ቁጥር የጠየቀሽ ሰው ነበር።

ክትትል ክፍል

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «የናንተን ቅዳሜ የወሰድኩት እኔ ነኝ» ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ከኃላፊ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ሦስተኛ ፎቅ፣ ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። የኔ ኃላፊ ባትጠይቀኝ ኖሮ 42ኛውን መስመር እጨምር ነበር።

አዳር ተረኛ

እኔ ነርስ ነኝ። ክትትል ክፍል የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል፤ ግን በአንድ ነገር ልከራከርሽ ነው።

«ምን ተለወጠ?» የሚለው ጥያቄ የኔን ሥራ አይለካም። አዳር ስገባ ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ ታካሚዎች አሉኝ። በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን እቀይራለሁ፤ ተረከዛቸውንና ወገባቸውን በባትሪ አያለሁ፤ አንሶላው እንዳይጨማደድ እስባለሁ። ይህን ካላደረግሁ ቆዳቸው ይቆስላል፤ ቁስሉ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ወራት ይፈጃል። ታዲያ በደንብ በሠራሁበት ሌሊት ጠዋት ምን ተለወጠ? ምንም። ታካሚው እንዳደረ ነው። የኔ ውጤት ያልመጣው ቁስል ነው። ይህ ሪፖርት ላይ አይጻፍም፣ ማንም አያመሰግንበትም።

ስለዚህ ለኔ ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ ባይሠራ ኖሮ ማን ምን ይሆን ነበር?» የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ስትመዝኑት ጎን መቀየሩ ከሁሉ ይቀድማል፤ አንድን የሙቀት ልኬት ሦስት ቅጽ ላይ መገልበጡ ደግሞ ራሱን ያጋልጣል። አንዱ ቅጽ ለታካሚው ነው፤ ሁለቱ ለማን እንደሆኑ እኔም አላውቅም።

ቅጽ ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ ግን አይደለም፤ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና ያወጣው የማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥብ ብቻ አለው፤ ታካሚው ማን ነው፣ የቱ ጎን ነው የሚከፈተው፣ አለርጂ አለው ወይ፣ የመሳሰለው። በስምንት ከተሞች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 ውጤቱ ሲታተም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ ችግር የሚገጥማቸው ደግሞ ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርደው ነበር። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ጮክ ብሎ ስለሚያነበው ይሠራል። ያው ወረቀት ቢሮ ውስጥ በኋላ በአንድ እስክሪብቶ በአንዴ «ምልክት» ቢደረግበት ግን ከሦስተኛው ቅጽ አይለይም።

ክትትል ክፍል

አዳር ተረኛ፣ ልክ ነሽ፤ ጥያቄዬን አርሜዋለሁ። «ባይሠራ ኖሮ» የሚለው ይሻላል። ዛሬ ጠዋት ሪፖርቴን በሱ አየሁት። አራቱ ደብዳቤዎች ባይጻፉ ሰውዬው የሚጎዳው ነገር የለም፤ እንዲያውም ቶሎ ተስፋ ቆርጦ በአካል ይመጣልኝ ነበር።

ዕቅድ መሐንዲስ

ከፋብሪካ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። የሰው ሁሉ ጊዜ ሲሞላ ለምን ሥራ እንደሚቆም ብዙ ሰው አይገባውም፤ ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው።

አንድ ሠራተኛ ወይም ማሽን አለ እንበል፤ ሥራው የሚመጣው ባልታወቀ ሰዓት ነው፣ የሚወስደውም ጊዜ ይለያያል። በወረፋ ሒሳብ ቀላል ቀመር፣ ሠራተኛው ግማሽ ጊዜውን ብቻ ከተያዘ፣ አዲስ የሚመጣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአማካይ የአንድ ሥራ ያህል ይጠብቃል። 80 በመቶ ከተያዘ የአራት ሥራ ያህል። 90 ላይ ዘጠኝ። 95 ላይ አሥራ ዘጠኝ። አያችሁ፣ ከ90 ወደ 95 አምስት ነጥብ ብቻ ነው የተጨመረው፤ ወረፋው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ኃላፊ ሠራተኛው አንዲት ደቂቃ ባዶ እንዳይሆን ሲያደርግ ትጋት የጨመረ ይመስለዋል። የጨመረው የደንበኛውን መጠበቅ ነው። ክትትል ክፍል፣ ያንቺ ሰውዬ አምስት ሳምንት የጠበቀው በዚህም ምክንያት ይመስለኛል። ቀንሽ ውስጥ ግማሽ ቀን የሚያስገባ ቀዳዳ አልነበረም።

ሁለተኛው ደግሞ ሁሉንም በአንዴ መጀመር ነው። ሦስት ሥራ አለህ፣ እያንዳንዱ አምስት ቀን ይፈጃል። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ብትሄድ በ5ኛው፣ በ10ኛውና በ15ኛው ቀን ይወጣሉ። ሦስቱንም ለማስደሰት በየቀኑ እያፈራረቅህ ብትሠራ ግን በ13ኛው፣ በ14ኛውና በ15ኛው ነው የሚወጡት። የመጨረሻው ሰው ምንም አላተረፈም፤ የመጀመሪያው ስምንት ቀን፣ ሁለተኛው አራት ቀን ከሰረ። ይህም የሚሆነው ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዘል ሐሳብህን ለመሰብሰብ አንዲት ደቂቃ ካልወሰደብህ ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ደግሞ አላየሁም።

ይህን ስዕል ፋብሪካ ውስጥ ነጭ ሰሌዳ ላይ ስስለው የሥራ ክፍል ኃላፊው ዝም ብሎ ቆይቶ «ታዲያ ለሁለተኛው ደንበኛ ምን ልበለው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። «ሰኞ እጀምርልሃለሁ፣ ዓርብ ትወስዳለህ» በለው አልኩት። ሰው ቁርጥ ያለ ቀን ሲነገረው ይታገሳል፤ «እየተሠራ ነው» ሲባል ነው የሚበሳጨው።

ሦስተኛ ፎቅ

መሐንዲሱ፣ አመሰግናለሁ፤ ገባኝ። ግን ይህን ሰሌዳ አለቃዬ ፊት ብስል ነገ ሌላ ፎቅ ነኝ። የምለምናችሁ አንድ የሚነገር ነገር ስጡኝ። ቃል በቃል።

ኮድ ጸሐፊው

እኔ የምለው ይሄ ነው፤ «እሺ፣ እሠራዋለሁ። አሁን በእጄ ላይ እነዚህ ሦስቱ አሉ፤ አዲሱ እንዲቀድም የትኛው ይቆይ?» እምቢ አላልክም። ምርጫውን ለሱ ሰጥተኸዋል።

ሦስተኛ ፎቅ

ሞክሬዋለሁ። «ሁሉም ይቅደም» ነው ያለኝ።

ጡረተኛው

ልጄ፣ እንደዚህ ያለ ሰው የሚፈራው ነገር አለ። በላዩ ያለው ሰው «የናንተ ክፍል ምን እያደረገ ነው?» ሲለው የሚያሳየው ነገር የለውም፤ የሚያሳየው እናንተን ነው፣ ተቀምጣችሁ። እኔም እንደሱ ነበርኩና አውቀዋለሁ። ዓርብ ዓርብ ሦስት መስመር ጽፈህ ስጠው። የተጠናቀቀ ምን አለ፣ ለማን ጠቀመ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን ይወጣል። ለሱ አለቃ ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ይሁን። በእጁ የሚያሳየው ነገር ሲያገኝ ኮቴ መቁጠሩን ይቀንሳል። ላይቀንስም ይችላል፤ ዋስትና አልሰጥህም። ግን ወንበርህን እንዲለቅልህ በምትኩ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል።

ቡድን መሪ

ጋሼ ያሉት እውነት ነው፤ እኔ አሁን በዚያ ወንበር ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። አሥራ አንድ ሰው እመራለሁ።

ሰዓት የምንቆጥረው ለምን እንደሆነ ልናገር፤ ሰዓት መቁጠር ቀላል ነው። ውጤት መቁጠር ካስፈለገ ግን እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ «ከዚህ ሰው የምፈልገው ምንድን ነው? መቼ ተሠራ ልበል?» ብዬ ማሰብ አለብኝ። ያ ደግሞ የኔ ሥራ ነው፣ ከባዱ ሥራ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልሠራው ሠራተኞቼን «ተነሳሽነት የላችሁም» ስል ነበር።

ማምሸት ሥራ እንደማይጨምር ድሮም የታወቀ ነገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ስንት ሰዓት ሠርተው ስንት እንዳመረቱ ተመዝግቦ ነበር። ጆን ፔንካቬል የተባለ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ያንን መዝገብ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና መርምሮታል። በሳምንት ከ49 ሰዓት በላይ ሲሆን እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት የሚያስገኘው ምርት እየወረደ ይሄዳል። በሳምንት 70 ሰዓት የሠራው ያመረተው 56 ሰዓት ከሠራው ብዙም አይበልጥም። አሥራ አራት ሰዓት ሄደ፣ በእጅ የቀረ ነገር ግን የለም። ያውም ጥይት የሚቆጠርበት፣ ምርቱ በዓይን የሚታይበት ሥራ ነው። በኛ ዓይነት የወረቀትና የሐሳብ ሥራ ላይ ደክሞት የተቀመጠ ሰው የሚያበላሸውን ማን ይቆጥረዋል?

እኔ ያደረግሁት አንድ ነገር አለ። ክፍላችን በመደበኛነት የሚልካቸው ስድስት ሪፖርቶች ነበሩ። ለአንድ ወር ሁሉንም አዘጋጅተን፣ ግን ሳንልክ አቆየናቸው። የጠየቀን ካለ በአምስት ደቂቃ እንድንሰጠው ነው። ሁለቱ ተጠየቁ። አንዱ በማግስቱ፣ ሌላው በሁለተኛው ሳምንት። ስለ አራቱ ማንም አልጠየቀንም። ከዚያ የአራቱን ተቀባዮች አንድ በአንድ ሄጄ «እናቋርጠው ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሦስቱ እሺ አሉ። አራተኛው «ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለችው አንዲት ሠንጠረዥ ብቻ ትበቃኛለች» አለ። የዘጠኝ ገጽ ሪፖርት ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ፣ አለቃህ ይህን ቢያነብ ብዬ ተመኘሁ። ልጅህን ስታስብ ሳስብህ አመሸሁ።

አዳር ተረኛ

ቡድን መሪ፣ ሪፖርቱን አዘጋጅታችሁ ማቆየታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው በአንዴ ይቆርጥና የሆነ ሰው ይጎዳል።

መምህርት

አንድ ስጋት አለኝ። «ውጤት፣ ውጤት» ስንል ውጤቱ ራሱ ሌላ «23» እንዳይሆን። ቻርልስ ጉድሃርት የተባለ እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳው ነጥብ አለ። አንድን መለኪያ መቆጣጠሪያ ካደረግከው ያ መለኪያ ድሮ ያሳይ የነበረውን ነገር ማሳየቱን ይተዋል።

ትምህርት ቤት ውስጥ በየቀኑ አየዋለሁ። የማለፊያ መቶኛ ግብ ሲሆን ልጁ ማንበብ ቻለ ወይ የሚለው ይረሳና ፈተናው ላይ ለምትመጣው ጥያቄ ብቻ ይሠለጥናል። ቁጥሩ ያምራል። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ 78 አምጥቶ፣ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ አንብብልኝ ስለው ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። ጣቱ ቃሉ ላይ ነው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። እኔ ነኝ 78 የሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ልጅ፣ ለብቻው፣ አሥር ደቂቃ አነባባለሁ። በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ ቦታ የለውም። ለዚያ ጊዜ ለማግኘት ግድግዳ ማሳመር ትቻለሁ፤ ክፍሌ ከሌሎቹ ይልቅ ባዶ ነው፤ ተነግሮኛልም።

ዕቅድ መሐንዲስ

መምህርት፣ ይህ ነው ነገሩ። ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ አንዳንዴ ሄዶ ማየት ነው። ልጁን ማስነበብ፣ ታካሚውን በባትሪ ማየት፣ የሰውዬውን ደብዳቤ እስከ ግርጌው ማንበብ።

ዝምተኛው አንባቢ

ክትትል ክፍል፣ ሰውዬው ምን ሆነ?

ክትትል ክፍል

ይቅርታ ዘገየሁ። ሰኞና ማክሰኞ ብዙ ነገር ነበር፤ ልንገራችሁ።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊዬን «የዛሬን ጠዋት ለአንድ ፋይል ብቻ ስጪኝ፤ የአራት ሰዓቱን ስብሰባ ሌላ ሰው ይግባልኝ» አልኳት። «ሂጂ እንጂ» አለችኝ። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና መዝገብ ቤት ወረድኩ። የሰውዬውን የሁለት ዓመት የቆጣሪ ንባብ አወጣሁ። እስከ ሦስት ወር በፊት ድረስ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ከዚያ በአንዴ ይዘላል። ከቴክኒክ ክፍል አንድ ልጅ አብሮኝ ተቀምጦ ስንፈትሽ፣ የዘለለው በዚያው ወር የቆጣሪ ቁጥሮች ወደ አዲሱ ሲስተም ሲገለበጡ ነው። የሰውዬው ቆጣሪ ቁጥር መጨረሻው 6839 ነው። ሲስተሙ ውስጥ 6893 ተብሎ ገብቷል። 6893 ደግሞ የሌላ ሰው ነው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ አነስተኛ ወርክሾፕ። የሁለቱ ተለዋውጦ ሰውዬው የወርክሾፑን ሲከፍል፣ ወርክሾፑ የሁለት ሰው ቤት ሂሳብ ሲከፍል ከርሟል።

ከመዝገብ ቤት እስከ መጨረሻው ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ጥፋቱ የኛ ነበር። ስፈራው የነበረው ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ደወልኩለት። ስሜን ስነግረው ወዲያው አወቀኝ፤ አራት ደብዳቤ ላይ አይቶታል። «አገኘነው፤ ስህተቱ የኛ ነው፤ ትርፍ የከፈሉት ይመለስልዎታል» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «የወርክሾፑ ልጅ ታዲያ በአንዴ ክፈል ልትሉት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ልጁ በቅርብ ነው ሥራ የጀመረው፣ በአንዴ አይችልም አለኝ። እሱ ራሱ የተበደለው ሰው ነው ይህን የሚለኝ። ማክሰኞ የሂሳብ ክፍልን አነጋግሬ ለስድስት ወር እንዲከፋፈልለት ተስማምተናል።

ቴክኒክ ክፍሉ ደግሞ በዚያ ወር የተገለበጡትን ቁጥሮች በሙሉ ከወረቀቱ ጋር እያመሳከረ ነው። እስካሁን ሌላ አምስት የተምታታ ቁጥር አግኝተዋል። ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ ለኔ ጽፈውልኝ «በሂደት ላይ ነው» ያልኳቸው ናቸው።

የዚህ ሳምንት ሪፖርቴ ስድስት መስመር ነው። ዓርብ አስገባዋለሁ። የሐሙሱን ስብሰባ ምን እንደማደርገው ገና አላወቅሁም፤ አሥራ አራት ሰው ሁለት ሰዓት የሚቀመጥበት ነው፣ እና ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ቡድን መሪ

ለሐሙሱ፦ ከመግባታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ወስነን ነው የምንወጣው?» ብለሽ አጀንዳው ላይ አንድ መስመር ጨምሪ። መልስ ከሌለው እዚያው ይታያል። ኃላፊሽ ትደግፍሻለች ብዬ አስባለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ

ያ ሰውዬ ስለ ወርክሾፑ ልጅ የጠየቀው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሦስቱን መስመር ጽፌያለሁ ጋሼ። የመጀመሪያው ላይ አራት ጊዜ ሰረዝኩ፤ «ለማን ጠቀመ» የሚለው አቃተኝና ፋይሉን የምልክላቸውን የሁለተኛ ፎቅ ሰዎች ሄጄ ጠየቅኋቸው። አንዷ «ያንተ ሠንጠረዥ ባይኖር በየወሩ ሁለት ቀን በእጅ እንቆጥር ነበር» አለችኝ። አምስት ዓመት ስሠራ አላውቅም ነበር። እሱን ነው የጻፍኩት። ነገ ጠዋት አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ጡረተኛው

በእጁ ስጠው ልጄ። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥከው ከሌላው ወረቀት ጋር ይቀላቀላል።

ሦስተኛ ፎቅ

እሺ ጋሼ። በእጁ።